የሩዝ ፍሬ የምታክል ሥጋ

እኔ ጠንቃቃ ሴት ነኝ። ለመመካት አይደለም የምነግራችሁ፤ እንደ ኑዛዜ ቁጠሩልኝ። ውሃ ሁለት ጊዜ አፈላለሁ፤ አንዴ ለጀርሙ፣ አንዴ ደግሞ የመጀመሪያው መፍላት እውነተኛ መፍላት ባይሆንስ ብዬ። በር ቆልፌ ግማሽ መንገድ ከሄድሁ በኋላ ተመልሼ ቁልፉን እነቀንቃለሁ። ባጃጅ ስሳፈር ሹፌሩን «ቁርስ በልተሃል?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ የራበው ሰው መሪ ይስታል። ትምህርቴ አምስተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ማንበብ እችላለሁ፤ የመድኃኒት ወረቀት ካነበብሁ ግን መድኃኒቱን ሳልውጠው ያመኛል።

ፍርሃት ወላድ ናት። ከልጆቿ አንዷን «ጥንቃቄ» ብለን ስም አወጣንላት እንጂ መልኳ ቁርጥ እናቷን ነው። እኔ ይህችን የፍርሃት ልጅ እንደ ራሴ ልጅ አሳደግኋት። እሷ ደግሞ ከአብራኬ የወጣችውን ልትገድልብኝ ደረሰች።

መቅደስ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ለማያውቃት ሰው አሥራ አንድ ብለው ያምነኛል። ክንዷ እንደ መቋሚያ ቀጥኗል፤ ሆዷ ብቻ ይነፋል። የበላችው አይረጋላትም። ፀጉሯን ሳበጥራት ማበጠሪያው ላይ የሚቀረው ራሷ ላይ ከሚቀረው ይበዛል።

አገራችን ፎገራ፣ የወረታ ዙሪያ፣ የሩዝ አገር ነው። ደጃችን ሩዝ፣ ጎተራችን ሩዝ፣ እንጀራችን ሩዝና ጤፍ። ለታመመ ልጅ ግን የደጅን መስጠት ነውር መሰለኝ። «ሩዝ ምን ኃይል አለው?» ብዬ ከደጋ ከሚወርዱ ነጋዴዎች ምርጥ ስንዴና ገብስ እገዛ ጀመር። እኔና አባቷ ሩዛችንን እየበላን፣ ለእሷ ጠዋት የገብስ ገንፎ፣ ረፋድ ላይ በሶ፣ ምሳ የስንዴ ዳቦ፣ ማታ አጥሚት። «አንድ ጉርሻ ለእኔ፣ አንድ ለአባትሽ፣ አንድ ለእመቤቴ» እያልሁ ነበር የማጎርሳት።

«እማ፣ ሆዴ ሞልቷል።»

«ሞልቶ አይደለም፣ ነፍቶ ነው። ይህችን ብቻ።»

በበላች ቁጥር ትመነምናለች፤ በመነመነች ቁጥር እጨምርላታለሁ። አባቷ አንድ ቀን ከማሳ ገብቶ ሰሐኑን አየና «ሴትዮ፣ ልጅቱን በምግብ ሳትገያት ሐኪም ይያት» አለኝ። ቀልዱን ነበር። ባለቤቴ በዓመት አንድ ጊዜ ይቀልዳል፤ እሷም ቀልድ ሆና አልቀረችም።

እኔ ግን በሽታውን ያወቅሁ መስሎኝ ነበር። ከአጥራችን ማዶ ዘውዲቱ የምትባል ሸክላ ሠሪ አለች። ድስቷ እስከ ይፋግ ገበያ ድረስ ይፈለጋል። ድስቷን እንገዛለን፤ በድስቷ የተሠራውን ወጥ ጣታችንን እየላስን እንበላለን፤ ከእጇ ግን አንቀምስም፣ እሷ እያየችንም አንጎርስም። የሸክላ ሠሪ ዓይን ሰው ይበላል ተብሎ ነው ያደግነው። መቅዲ ትንሽ ሳለች ከትምህርት ቤት ስትመለስ እዚያ ገብታ ጭቃ ታቦካ፣ ምሳዋንም እዚያው ትበላ ነበር፤ ለካ እኔ ሳላውቅ። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት ዳጉሳ ቂጣ ይዛ ከዚያ ቤት ስትወጣ አገኘኋት። ያን ጊዜም ቀጭን ነበረች፣ ግን ትሮጥ ነበር።

«ከቡዳ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?» ብዬ ጮህሁ። ዝቅ አድርጌ መናገር እችል ነበር። ዘውዲቱ እንድትሰማ ነው የጮህሁት። እሷ ጭቃ እየረገጠች ነበር። እግሯ ለአፍታ ቆመ፤ ከዚያ ቀጠለ። ቂጣውን ከልጄ እጅ ነጥቄ ለውሻ ጣልሁት፤ ውሻው ወፈረበት።

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ መቅዲ ከመደቡ ተነሥታ ደጅ መድረስ ሲያቅታት፣ ደብረ ታቦር ወጥተን ለሐኪም አሳየናት። በአፏ ረጅም ጎማ አስገቡ፤ የጎማው ጫፍ ዓይንም መቆንጠጫም አለው። ከአንጀቷ መግቢያ አራት ቁራጭ ሥጋ ቆንጥረው አወጡ። እያንዳንዷ የሩዝ ፍሬ ታክላለች። በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ፣ ውሃ የመሰለ መድኃኒት ውስጥ ነክረው ለእኔ ሰጡኝ።

«ሰኞ ባሕር ዳር፣ ሥጋ የሚመረምረው ላቦራቶሪ ታደርሺዋለሽ» አለችኝ ነርሷ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። «ልጅሽን የሚበላት ነገር የሚታወቀው ከዚህ ነው። አትክፈቺው።»

እንግዲህ «አትክፈቺው» ማለት ለጠንቃቃ ሰው «አንዴ አረጋግጪ» ማለት ነው። ቅዳሜ ጠዋት፣ አራቱም መኖራቸውን ልቁጠር ብዬ ክዳኑን ፈታሁት። ሽታው አፍንጫዬን እንደ ሚጥሚጣ ሰነፈጠኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። «ከውጭ እንዲህ የሚያቃጥል ነገር ውስጡ ያለችውን ሥጋ ምን እያደረጋት ይሆን?» እያልሁ ሳለ፣ መቅዲ ከጓዳ «እማ፣ ሆዴን ቆረጠኝ» አለች።

አያችሁ? ሥጋዋ እዚህ ሲቃጠል እሷ እዚያ ሲያማት! ሆዷ ላለፉት ሦስት ዓመታት በየጠዋቱ ይቆርጣት እንደነበር ያን ጊዜ ትዝ አላለኝም። ጥንቃቄ ስትነሣ ማስታወስ ትተኛለች።

መድኃኒቱን አጥር ሥር ደፋሁት። እዚያ የተከልሁት ቃሪያ እስከ ዛሬ አልበቀለም። ብልቃጡን ሦስት ጊዜ በስመ አብ ብዬ አለቀለቅሁና፣ ከጣራ ገዳም ያመጣሁትን ጠበል እስከ አፉ ሞላሁበት። አራቱ የሩዝ ፍሬዎች ጠበሉ ውስጥ ሲንሳፈፉ ዓይኔ እያየ ነፍሳቸው የተመለሰ መሰለኝ። ከዚያ ደግሞ «ብርድ ቢመታቸውስ?» አልሁ። በጨርቅ ጠቅልዬ ብብቴ ሥር አደረግኋቸው። ዶሮ እንኳ እንቁላሏን ትታ ጥሬ ልትለቅም ትወጣለች፤ እኔ አልተነሣሁም።

እሑድ ቅዳሴ ይዣቸው ሄድሁ፤ ቆሜ አስቀደስሁባቸው። ሲወጡ ጠብቄ የነፍስ አባቴን ብልቃጡን ሳይገልጡ እንዲባርኩልኝ ለመንኋቸው።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ።

«የመቅደስ ሥጋ ነው አባ።»

«ምኗ?» ብለው ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። ነገሩን ባስረዳኋቸው ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ እኔ ለእሷ ጸሎት አደርግላታለሁ። ብልቃጡን ግን ሐኪሙ እንደ ሰጠሽ ሳትነኪ አድርሺ።»

«እሺ አባ» አልሁ። ለነፍስ አባቴ የዋሸሁት ያን ዕለት ብቻ ነው፤ እሱንም በ«እሺ»።

ሰኞ በጠዋት ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ረዳቱ ነጠላዬ ሥር ያበጠውን አየና «ምን ታቅፈሽ ነው እናቴ?» አለኝ።

«ልጄን።»

«ሕፃን የያዘች አለች፣ ፊት ቦታ ልቀቁላት!» ብሎ አዘዘ። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ቦታ ለቀቁልኝ፤ አጠገቤ የነበረች ሴትዮም ሕፃኗን ልትስም ነጠላዬን ገለጥ ብታደርገው ክንዴ እንጂ ሕፃን የለም።

«የታለ ራሷ?» አለች ደንግጣ።

«ራሷ ወረታ ቀርቷል» አልኋት። እውነቴን ነው፤ ሌላ ምን ልበል? ሴትዮዋ አማትባ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። እስከ ባሕር ዳር ድረስ ማንም አላነጋገረኝም፤ ሽማግሌውም ቦታዬን መልሺልኝ አላሉም።

ላቦራቶሪው ውስጥ ያገኘኋት ሐኪም ወጣት ናት፤ አንገቷ ላይ ማተብ፣ ዓይኗ ላይ መነጽር። ብልቃጡን ከፍታ አሸተተች። እንደገና አሸተተች።

«እናቴ፣ ይህ ውሃ ምንድን ነው?»

«ጠበል ነው ዶክተር። የጣራ ገዳም ነው፣ ንጹሕ ነው።»

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ሥጋዎቹን አንድ በአንድ በመቆንጠጫ አወጣቻቸውና ጠበሉን ይዛ ቆመች። የእጅ መታጠቢያው አጠገቧ ነው፤ እጇ ግን አልታዘዝ አላት። በመጨረሻ ወደ ግቢው ወጥታ አንዲት አበባ ሥር አፈሰሰችው። ተመልሳ «እንሞክረዋለን፤ ዓርብ ነይ» አለችኝ።

ዓርብ ስመለስ ወንበር ስባ ማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠችኝ። «በአፍ ባስረዳሽ ቁጣ ብቻ ይመስልሻል፤ በዓይንሽ እይው» አለችኝ። ዝቅ ብዬ አየሁ።

«ጫካ ነው» አልሁ።

«የራስሽ ሽፋሽፍት ነው። ትንሽ ራቅ በይ።»

ራቅ አልሁ። ሮዝና ወይን ጠጅ የሆነ ነገር ታየኝ። ደንግጬ የሰው ውስጡ እንዲህ ቀለማም ነው ወይ ብላት፣ «ቀለሙን የምንነክረው እኛ ነን፣ ለማየት እንዲመች» አለችኝ። «ይህ የጤነኛ ሰው አንጀት ነው፤ ለተማሪዎች የምናሳየው።»

ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከወረታ ወጣ ብላችሁ ሜዳውን አይታችሁ ከሆነ፣ ያየሁትን አይታችሁታል። የሩዝ ቡቃያ ነው። ጣት ጣት የመሰለ፣ ጥግግት ብሎ የቆመ ቡቃያ። ምግቡን ከውሃው መጦ ለደም የሚያቀብለው እሱ ነው አለችኝ። በቡቃያው መካከል ወደ ታች የሚወርዱ ጉድጓዶች አሉ፤ ያረጀውን የሚተካው አዲሱ የሚበቅለው ከዚያ ነው፤ የዘር መደብ መሆኑ ነው። በየቡቃያው ጎን ጽዋ የመሰሉ ነጫጭ ነገሮች ተሰክተዋል፤ እነሱ ልጋግ እያወጡ ግድግዳው እንዳይቆስል ያለሰልሱታል።

«ግድግዳው ራሱ አራት ድርብ ነው» አለችኝ።

«እንደ ጋቢ!»

«እንደ ጋቢ» አለች ፈገግ ብላ። «ከውስጥ ቡቃያው፤ ከሥሩ የደም ሥሮች ያሉበት ልል ሥጋ፤ ከዚያ ጡንቻ፣ አንዱ ዙሪያውን የሚያጠብቅ፣ አንዱ በቁመቱ የሚያሳጥር፤ መጨረሻ ላይ ስስ ልባስ።»

«እግዚአብሔር ለካ ሸማኔ ነው» አልሁ። ወዲያው አፌን ያዝሁ። እኛ ሰፈር ሸማኔንም ከሸክላ ሠሪ ለይተን አናይም፤ ጋቢውን ለብሰን ሠሪውን እንሸሻለን። አምላክን የማላስጠጋው ሰው አጠገብ አስቀመጥሁት ማለት ነው።

«አሁን የመቅደስን እይ» አለችና ሌላ መስታወት አስገባች።

ከብት ገብቶ ያቦካው ማሳ ነበር። ቡቃያ የለ፣ ጽዋ የለ፣ ጉድጓድ የለ፤ ጭቃ ብቻ።

«በሽታው ነው?» አልሁ።

«አላውቅም። ችግሩ እሱ ነው። ሥጋ ከሰውነት ሲወጣ፣ ምግብ ይፈጭበት የነበረው ነገር መልሶ ራሱን ይፈጨዋል። ያ የሚሰነፍጠው መድኃኒት እሱን ነበር የሚያቆመው። ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል።»

ብብቴን አሰብሁ። ሁለት ቀን ሙሉ ሥጋዋ እዚያ ሥር ስታልቅ ኖራለች፤ እኔም እንዳይበርዳት ጨርቅ እደርብላት ነበር።

ቤት ገብቼ ለመቅዲ ስነግራት መደቡ ላይ ተኝታ ነበር። ዓይኗን ጣራው ላይ ተክላ ሰማችኝ።

«እማ፣ ጠበሉን ለእኔ ብታጠጪኝ አይሻልም ነበር?»

«ይቅር በይኝ።»

«ያንን ጎማ እንደገና?» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጀርባዋ ላይ አጥንቶቿ በቀሚሷ ሲንቀጠቀጡ አንድ በአንድ መቁጠር ይቻል ነበር፤ እኔ ሁሉን የምቆጥር ሴት ያን ዕለት አልቆጠርሁም።

እንደገናም ወዲያው አልሆነም። ደብረ ታቦር ስንመለስ ደሟ አንሷል፣ ጎማውን አትችልም ተባለ። ሦስት ሳምንት ተኝታ ደም ተሰጣት። ከጎኗ ባለው አልጋ ላይ የነበረች ሴት በሁለተኛው ሳምንት ሞተች፤ መቅዲ ሬሳዋ በአንሶላ ሲሸፈን አየች። «እማ፣ የእኔ ብልቃጥ ያን ጊዜ ደኅና ቢደርስ ኖሮ አሁን ቤቴ ነበርሁ?» አለችኝ። ሦስቱን ሳምንት የሰረቅሁባት እኔ ነኝ።

ጎማው እንደገና ገብቶ ሁለተኛው ብልቃጥ ሲመጣ እጄን ዘረጋሁ።

«አንቺ አትንኪው» አለችኝ መቅዲ። «እኔ እይዘዋለሁ።»

ያው በሁለት እግሯ መቆም ያቃታት ልጅ፣ በሁለት እጇ ጨብጣ ባሕር ዳር ድረስ ወሰደችው። ሚኒባሱ ላይ አጠገቧ ልቀመጥ ብል «ኋላ ሂጂ» አለችኝ። ሄድሁ። ረዳቱ ያው ረዳት ነበር። ቀረብ ብሎ በዝግታ «ራሷን አመጣሻት?» አለኝ።

ውጤቱን ሐኪሟ ለሁለታችንም በማይክሮስኮፑ አሳየችን። በዚህ ጊዜ ሥጋው አልቦካም፤ ጽዋዎቹ ጥቂት ጥቂት ይታያሉ፤ ጉድጓዶቹም አሉ። ቡቃያው ግን ከሥሩ ታጭዷል። ሜዳ ነው። መሬቱ ደኅና ሆኖ ሰብሉ የለም።

«ማን አጨደው?» አልሁ።

«ስንዴና ገብስ» አለች። «አንዳንድ ሰው አለ፣ አካሉ እነዚህን እንደ ጠላት የሚያይ። ጠላቱን ሲወጋ የራሱን ማሳ ያጭዳል። የምትበላውን ንገሪኝ እስቲ።»

ነገርኋት። የገብስ ገንፎ። በሶ። የስንዴ ዳቦ። አጥሚት። ስጀምር በኩራት ነበር፤ አጥሚት ላይ ስደርስ በሹክሹክታ ሆነ። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ሩዝስ? ጤፍስ? ዳጉሳስ?»

«ሩዙን እኛ ነን የምንበላው» አልሁ።

መቅዲ ያን ጊዜ ነው የተናገረችው፤ ለሐኪሟ እንጂ ለእኔ አልነበረም። «እትዬ ዘውዲቱ ቤት ዳጉሳ ነበር የምበላው። እዚያ በልቼ ሆዴን አሞኝ አያውቅም። እሷ ናት የከለከለችኝ።» በጣቷ እንኳ አላመለከተችኝም።

ሐኪሟ ቡቃያው ቀስ ብሎ ሊመለስ እንደሚችል ነገረችን፤ ወራት ይፈጃል፣ ዓመትም ሊፈጅ ይችላል። ቁመቷስ ብዬ ጠየቅሁ። «እሱን ቃል አልገባልሽም» አለች። ከዚያ አስጠነቀቀችኝ፦ ቅንጣት ስንዴ እንዳይነካት፤ ስንዴ የፈጨ ወፍጮ ያወጣው የጤፍ ዱቄት እንኳ አይሆንም። «ስንዴ የማይፈጭ ወፍጮ ቤት አለ?»

ወረታ ያሉትን ወፍጮ ቤቶች በልቤ ዞርኋቸው። ሁሉም ሁሉን ይፈጫል። ስንዴ ነክቶት የማያውቅ አንድ ወፍጮ ብቻ ትዝ አለኝ፤ እሱም የድንጋይ ነው፤ ከአጥሬ ማዶ ነው።

በማግሥቱ ሄድሁ። ሦስት ጊዜ ከበሩ ተመልሻለሁ፤ ቁልፌን ልነቀንቅ አልነበረም። ዘውዲቱ ጭቃ እየረገጠች ነበር። አየችኝ፤ እግሯን አላቆመችም።

«ምን ጠፍቶሽ ነው?»

«ዱቄት ፈልጌ ነው። የዳጉሳ።»

«ወፍጮ ቤት ተዘጋ?»

ነገሩን ሁሉ ነገርኋት፤ ማሳውን፣ ስንዴውን፣ መቅዲ ያለችውን። ስጨርስ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ጥርስ እንጂ ደስታ የለውም። «የወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ ስቆም ቁናችሁን እየሰበሰባችሁ ትሸሹኝ ነበር። እዚህ እየተንበረከክሁ በመጅ መፍጨት የጀመርሁት ያኔ ነው። ድንጋዬ ንጹሕ የሆነው በእናንተ ምርቃት ነው እኮ!»

«በድዬሻለሁ።»

«ልጅቱ እንዴት ናት?»

«አለች።»

«በአጥሩ ስታልፍ አይቻታለሁ። ጥላዋ ከእሷ ይወፍራል።» እግሯን ከጭቃው አወጣች፤ ታጠበች፤ ገብታ ዳጉሳ ቂጣ በሰፌድ ይዛ ወጣች። «ለእሷ እሰጣለሁ። ያኔም አልከለከልኋትም። አንቺ ግን መጀመሪያ እዚህ ተቀምጠሽ ትበያለሽ። እኔ እያየሁሽ።»

ተቀመጥሁ። ቂጣውን ቆረስሁ። ሁሉን አገላብጬ የማይ ሴት አላገላበጥሁትም። ወደ አፌ ሳቀርበው ግን እጄ ሳልነግረው ነጠላዬን ስቦ ፊቴን ጋረደው፤ ከሰው ዓይን ተከልዬ እንድበላ እናቴ ያስለመደችኝ ነው።

«ነጠላሽን አውርጂ» አለችኝ።

አወረድሁት። ዓይኗን ከአፌ ላይ ሳትነቅል፣ እኔም ዓይኔን ከዓይኗ ላይ ሳልነቅል፣ እስከ መጨረሻው ቁራሽ በላሁ። ከዚያ ተነሥታ ቁናዋን አነሣችና ወደ ወፍጮው ሄደች።